ድሬዳዋ ላይ የማግኔት ቻርጀር ሲገዙ

በከተማው ታይዋን ገበያ የሚያሳዩዎት፣ ስልክ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ያለ ገመድ የሚሞላ የማግኔት ቻርጀር ሁሉ ይጣበቃል፤ ተጣበቀ ማለት ግን ቻርጅ ያደርጋል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ስልክዎን ይወቁ። ከአይፎን 12 ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ አይፎኖች ማግኔቱ ከጀርባቸው ውስጥ አለ፤ 16ኢ ግን ያለ ገመድ ቻርጅ ቢቀበልም ማግኔት የለውም። ሳምሰንግ ኤስ 25 ማግኔት ያለው ካቨር ይፈልጋል። ኤ 15 ላይ ደግሞ ተለጣፊ ቀለበት ቢለጥፉም ከንቱ ልፋት ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ጥቅል ሽቦ በውስጡ የለማ።

ካርቶኑ «ማግኔቲክ» ብቻ የሚል ከሆነ አይፎን ላይ ብዙውን ጊዜ ከ7.5 ዋት አያልፍም። በ2023 የመጣው የቺ 2 (Qi2፣ በማግኔት ያለ ገመድ የመሙያ የጋራ መስፈርት) ምልክት ያለበት ወይም የአፕል የራሱ የማግኔት ቻርጀር ማግሴፍ (MagSafe) በተለምዶ እስከ 15 ዋት ይሰጣል። 25 ዋት የሚለው ከአይፎን 16 በታች ላሉ አይፎኖች ትርፍ ወጪ ነው። ምልክቱንማ ፎርጅዱም ያትመዋል፤ ስለዚህ ካርቶኑን ብቻ አይመኑ።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ሶኬት ላይ የሚሰካውን ራስ ረስቶ ነው። ራሱ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ያንብቡ፦ 5 ቮልት ብቻ ከሆነ ይተዉት፤ ቻርጀሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይንቀራፈፋል። ለ15 ዋት ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው፣ 9 ቮልት በ2.22 አምፔር የሚያወጣ የ20 ዋት ራስ ያስፈልጋል፤ ለ25 ዋት ቢያንስ የ30 ዋት።

እዚህ አገር ግን ፈተናው ሙቀቱ ነው። አፕል አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ተጠቀሙ ይላል፤ የድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ከሰዓት ይህን ያልፋል። ያለ ገመድ ሲሞላ ደግሞ ከገመዱ ይልቅ ብዙ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስልኩ ሲግል ራሱ ኃይሉን ይቀንሳል፣ አንዳንዴም 80 በመቶ ላይ ይቆማል፤ ተበላሸ ብለው ቻርጀሩን አይመልሱ። በእኛ ግምት ለድሬዳዋ ስልኩን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጎ የሚይዝና ከጀርባ አየር የሚያስገባ የ15 ዋት መቆሚያ ከ25 ዋቱ ጠፍጣፋ ይሻላል። በርጫ ላይ ትራስ ላይ ጣል አድርጎ መሙላት፣ መኪና ውስጥም ፀሐይ የሚያገኘው ዳሽቦርድ ላይ መለጠፍ ይቅር። ሐረር ደጋ ቀመስ ስለሆነች ችግሩ ይቀላል።

ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩ ባትሪው ከግማሽ በታች ይሁን፤ ሊሞላ ሲቃረብ ማንኛውም ቻርጀር ይዘገያል። ቻርጀሩን ይዘው ስልኩን ወደ ላይ ያንሱ፤ ከነካቨሩ ካልተንሸራተተ ማግኔቱ ደህና ነው። 15 ደቂቃ ቆይተው ጀርባውን ይንኩ፦ ሞቅ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ይመልሱት። ለመኪና መያዣ የሚለጠፈውን የብረት ሳህን ቀድመው ያንሱ፤ በመካከል ገብቶ ይግላል፣ ቻርጁንም ያግዳል። ካቨሩ ኪስ ውስጥ ያለ የባንክ ካርድም ይውጣ። ቤት ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ካለ፣ ቻርጅ ላይ ያለው ስልክ ከደረቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይራቅ።