ሦስት ትውልድ ይዞ ልደት ለማክበር ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የልጅ ልደት ሲደርስ ሳሎን ውስጥ ኬክ ቆርሶ ከመበተን ይልቅ አያቶችን፣ አክስት አጎቶችንና የልጅ ልጆችን ይዞ ደሴ አቅራቢያ ወዳለው ሐይቅ ወይም ጥላ ወዳለው ግቢ የሚወጣ ቤተሰብ አለ። ሐሳቡ መልካም ነው። ቀኑ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ የሚታቀደው በሠላሳ ዓመት ሰው ጉልበት፣ ሆድና ትዕግሥት ነው። የሰማንያ ዓመቷ እማማና የሦስት ዓመቱ ሕፃን ግን በዚያ ሰዓት አይሄዱም።

የመታወቂያውን ቀን አምኖ መነሣት

የአያት ልደት ይከበር ሲባል መጀመሪያ ከቦርሳ የሚወጣው የቀበሌ መታወቂያ ነው። እዚያ ላይ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ ቅጹ ባዶ እንዳይቀር የተሞላ ነው። «መቼ ተወለዱ?» ብሎ መጠየቅም መልስ አያመጣም። «ክርስትና የተነሡት በማን ታቦት ነው?»፣ «እናትዎ አራስ ሳሉ ማሳው ላይ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ የክርስትናው ዕለት ከታወቀ የልደቱ ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገኛል። ለዓመቱ ደግሞ አገር የሚያውቀውን ነገር ምሰሶ አድርጉት። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፤ «ጣሊያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር» የሚሉ አባባ የ1931 ወይም የ1932 ሰው ናቸው።

«የረመዳን ልጅ ነኝ» የሚሉ እናት ካሉ ደግሞ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን ወራቱን ሁሉ ዞሮ ለመጨረስ 33 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ዓመቱ ሳይታወቅ «ረመዳን ማለት እንግዲህ መጋቢት ነው» ማለት አይቻልም። መጀመሪያ ዓመቱን፣ ከዚያ ወሩን ፈልጉ።

ካልተገኘ አትፍጠሩ። ለሁሉም የሚመች ቀን መርጣችሁ «የእማማ ምርቃት ቀን» በሉት። ብዙ አያቶች ልደት ሲከበር ሳያዩ ነው ያደጉት፤ የወረቀት ቆብ አጥልቆላቸው «ሀፒ በርዝዴይ» ሲዘመር ፈገግ የሚሉት ልጆቹን ላለማሳፈር ነው። ምርቃትን ግን እንግዳ አድርጎ የሚያይ አያት የለም።

ውጭ አገር ያሉ ልጆች በስልክ የሚገቡ ከሆነም ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ላኩ። ታኅሣሥ 20 በአብዛኛው ዲሴምበር 29 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ እንደ 2012 እና 2016፣ ዲሴምበር 30 ላይ ይውላል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይቆያል። አንድ ቀን ቀድሞ የሚደወለው በዚህ ነው።

ኬኩን አዝዞ ጾሙን በኋላ ማስታወስ

ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለበት መሆኑ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት ሁለት አቆጣጠር ጎን ለጎን ይታያል። ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ከነሐሴ 1 የሚገባው ፍልሰታ፣ ከኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም፣ በሌላ ወገን ረመዳን። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጥሩ ዜና ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ነው፤ ረቡዕም ዓርብም ስለማይጾም ለልደት የሚመች ነፃ ሰሞን ነው።

ቀኑ ጾም ላይ ከወደቀና ሊዘዋወር ካልቻለ የጾም ኬክ ይታዘዝ። «የጾም ነው» መባሉ ብቻ ግን አይበቃም፤ እንቁላል፣ ቅቤና ወተት በሊጡ ውስጥ ባይኖርም ከላይ የሚቀባው ክሬም የዱቄት ወተት ሊኖረው ይችላል። ለሙስሊም ዘመዶች ደግሞ ሩም ወይም ሌላ አልኮል ያለው ማጣፈጫ፣ እንዲሁም ጄላቲን መግባቱን ጠይቁ። ሦስት ጥያቄ ናቸው፤ ሲያዝዙ እንጂ ሲቆርሱ አይጠየቁም።

ሰዓቱም እንዲሁ። እሑድ ከሆነ አስቀዳሾቹ ቅዳሴ ሳይወጣ አይቀምሱም። ዓርብ ከሆነ ጁምዓ አለ። በሌላው ቀንም ዙህርና ዐስር የሚሰገድበት ንጹሕ ጥግ፣ ምንጣፍና ለውዱእ የሚሆን አንድ ጀሪካን ውኃ ቀድሞ ይዘጋጅ። ይህ ሲረሳ ኬክ በሚቆረስበት ሰዓት ግማሹ ሰው መስጂድ ፍለጋ ሄዷል።

ሁለት ድስት፣ አንድ ማማሰያ

ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያኑ እንደማይበላ ወሎዬ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ድስቱም ይለያል። ስህተቱ የሚፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ቦታው ላይ ተደርሶ፣ አቅራቢዎቹ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ማማሰያው ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ይገባል። አንዷ አክስት ካየች ምንም ሳትናገር ዳቦ ብቻ በልታ ትመለሳለች። ድስቱ ሁለት ከሆነ ማማሰያውም፣ ቢላዋውም፣ መክተፊያውም ሁለት ይሁን፤ ለየድስቱም አንድ አቅራቢ ይመደብ። የአንዱን እጀታ ቀይ ጨርቅ ማሰር ይበቃል።

ሐይቅ የሚወጣ ቤተሰብ ግን የተሻለ መውጫ አለው፤ ዓሣ። ዕርዱ ስለማያከራክር ከአንድ ትሪ ይበላል። በጾም ወቅት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ግን በአንድ ቤት ውስጥም ስለሚለያይ ትልልቆቹን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የተጠበሰ ዓሣ ለሕፃንና ጥርስ ለሌለው ሰው ሲቀርብ እሾሁ ወጥቶ፣ በጣት ተዳብሶ ነው።

ቦታውን በፎቶ መምረጥ

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው ሐይቅ ለፎቶ የሚመች ነው። «እማማ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም እናሳልምሽ» ተብሎ ግን ከዚያ የተደረሰ እንደሆነ ልደቱ የተዘጋጀላቸው እማማ ውጭ ይቀራሉ። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ወንዶቹ ገብተው ሲሳለሙ ሴቶቹ መንገድ ዳር ሁለት ሰዓት መጠበቃቸው የዕለቱ ዋና ትዝታ ይሆናል። ገዳሙ ለሌላ ቀን ይቆይ። ድምፅ ማጉያ ይዞ አካባቢው መድረስም ነውር ነው።

ቦታ ለመምረጥ ሁለት ሰው ቀድሞ ሄዶ አራት ነገር ይይ። አንደኛ መጸዳጃ፤ ተቀምጠው የሚጠቀሙበት ከሌለ ጉልበታቸው የማይታጠፍ አያት ላለመቸገር ሲሉ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጡም፣ ማታ ራስ ምታት ይዟቸው ይገባሉ። ከመኪናው እስከ መቀመጫው ያለው ርቀት፤ 50 እርምጃ ካለፈ ወይም ቁልቁለት ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈለግ። መደገፊያ ያለው ወንበር፤ ሣር ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ለወጣት ነው። የመጨረሻው ጥላ ነው፤ ሲታይ የ4 ሰዓቱን ሳይሆን የ8 ሰዓቱን ጥላ መገመት ይገባል።

ወቅቱም አለ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብና ጭጋግ ነው። የወሎ በልግ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ሊያዘንብ ስለሚችል «በጋ ነው» ብሎ ያለ ጣሪያ መውጣት ያስቆጫል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ጧቱ ውርጭ ነው።

ሌላው ችግር ስግብግብነት ነው፤ «እግረ መንገዳችንን የ1881ዱ ውል የተፈረመበትን ውጫሌንም እንይ» የሚል አንድ አጎት አይጠፋም። ለሦስት ትውልድ አንድ ቦታ፣ አራት ሰዓት ቆይታ። አጎት በራሳቸው ጊዜ ይሂዱ።

አሥራ ሁለት ወንበር፣ አሥራ ሁለት ሰው

ኮንትራት የያዙት ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል ማለት 12 ሰው፣ ሦስት አገልግል፣ ረከቦት፣ ከሰልና ኬክ ይጭናል ማለት አይደለም። ዘጠኝ ወይም አሥር ሰው ቁጠሩ። ጋቢና የትልልቆቹ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ካለ የሐረጎን ጠመዝማዛ ያስብ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። ልጆች ወተት ጠጥተው ወዲያው ከተሳፈሩ ያስመልሳቸዋል። ቀለል ያለ ቁርስ ከጉዞው አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ መስኮት ከፈት አድርጎ፣ ስልክ ሳያዩ። ለማንኛውም ፌስታል በእጅ ይያዝ።

አገልግሉን እንደ ምሳ ዕቃ መቁጠር

አገልግል ለመንገድ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ስፌቱ ቆዳ የለበሰው፣ በጠፍር የሚታሰረው በምክንያት ነው። የሚበላሸው አሞላሉ ላይ ነው። እንጀራ ከምጣድ እንደወጣ ከገባ እንፋሎቱ ክዳኑ ሥር ላብ ሆኖ ይጠራቀምና ሲከፈት ላሽቆ ይገኛል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ሰፌድ ላይ ይቀዝቅዝ። ወጡ ቤት ከሚበላው ወፈር ይበል፤ ማንኪያውን ሲያዘነብሉት ጠብ ካለ መንገድ ላይ ይፈሳል።

ሥሩ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፤ ቅጠሉ እንዳይሰነጠቅ ቀድሞ እሳት ላይ ለብ ይደረጋል። በላዩ ሁለት እንጀራ፣ ጫፋቸው ከአፉ ወጣ ብሎ እንዲንጠለጠል ተደርጎ ይገባል። ወጡ መሐል፣ እንቁላሉና ሥጋው ወጡ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል፤ የተንጠለጠለው ጫፍ ይታጠፍበታል፤ አንድ እንጀራ ከላይ ይሸፍነዋል። ለአንድ አዋቂ ሁለት እንጀራ አስቡ፤ ለ12 ሰው 24፣ ለመደብና ለክዳን ዘጠኝ። አንድ ትልቅ ከመሸከም አራት አራት ሰው የሚበላባቸው ሦስት መሆናቸው ይሻላል። ወጡ ጧት እንደገና በደንብ ፈልቶ፣ ከምድጃ ከወረደ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ይበላ። በተለይ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ የዶሮ ወጥ እስከ 10 ሰዓት ማቆየት ሆድ ማሳመም ነው። የማታው መክሰስ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ይሁን።

ኬክን ጭን ላይ መያዝ

በኪሎ የሚሸጠው ኬክ አንዱ ኪሎ ለስምንት እስከ አሥር ሰው ይበቃል። ጭን ላይ የተያዘ ኬክ ግን በየኩርባው ያጋድላል፤ በሰውነት ሙቀትም ክሬሙ ይላላል። ቦታው የመኪናው ወለል ነው፤ እንዳይንሸራተት ሥሩ እርጥብ ፎጣ ይነጠፍ። ከአንድ ደርብ በላይ አታዝዙ።

ለትልልቆቹ ድፎ ዳቦ ይጨመር፤ ሁለት ኪሎ ዱቄት ለ20 ሰው ይደርሳል። ከመሐላቸው ስኳር ያለባቸው አይጠፉምና ክሬም የተቀባውን በይሉኝታ ከመዋጥ ያድናቸዋል። መቁረሻው አያቱ እጅ ላይ ይሁን።

«ሁላችንም እናያቸዋለን»

ውኃ ዳር ይህ ዐረፍተ ነገር አደገኛ ነው። የሁሉም የሆነ ልጅ የማንም አይሆንም። ደሴ አቅራቢያ ያለው ሐይቅ ከዳር ብዙ ሳይርቅ የሚጠልቅ ውኃ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ለሁለት ልጅ አንድ አዋቂ በስም ይመደብ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየር፣ ሲቀያየርም «ተረክቤያለሁ» ይባል። ጀልባ ላይ ተንሳፋፊ ሰደርያ ለሌለው ልጅ መልሱ አይሆንም ነው። ሣር የበዛበት ዳርቻ ላይ እግር መንከርም ይቅር፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚወዱት እንዲህ ያለውን ቦታ ነው።

መድኃኒትን ለነገ ማለት

የሽንት ክኒን የሚወስዱ የደም ግፊት ሕሙማን ለጉዞ ሲሉ በራሳቸው ይዘሉታል። ሰዓቱን ማሸጋሸግ ይቻል እንደሆነ ቀድሞ ሐኪማቸው ይጠየቅ። ኢንሱሊን የቆመ መኪና ውስጥ አይተው፣ በረዶም አይንካው። መርፌውን የወሰደ ሰው ምሳ ዘገየ ተብሎ አይጠብቅም፤ ለብቻው ቀድሞ ይብላ፣ ስኳር ወይም ጭማቂ ከጎኑ አይጥፋ።

ሦስት ልደት፣ አንድ ሻማ

የሦስት ሰው ልደት በአንድ ወር ሲገጥም አንድ ጉዞ ማድረጉ ልክ ነው፤ በአንድ ሻማ መገላገሉ ግን የሰባት ዓመቱን ልጅ ያስከፋል። ለእያንዳንዱ ስሙ ተጠርቶ የራሱ አምስት ደቂቃ ይሰጠው። ቅደም ተከተሉ ምርቃት፣ ዳቦ፣ ኬክ፣ ቡና ይሁን። ልጆች ከቆይታ በኋላ ስለሚያንቀላፉ ኬኩን እስከ በረካ ማዘግየት አያዋጣም። «እደጉ፣ ተመንደጉ» ሲባል አሜን ባዩም አሚን ባዩም እጁን ዘርግቶ እንዲደርስ ሙዚቃው ይጥፋ። ሲበራም በአምባሰልና በባቲ ቅኝት ቢጀመር አያቶቹም ትከሻቸውን ያነሣሉ።

መዋጮው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤት አቅም፣ ከሳምንት በፊት፣ በአንድ ሰው እጅ ይሰብሰብ። ከአያቶች አይወሰድም።

ጋቢውን ከታች መጫን

ከ10 ሰዓት በፊት ተነሡ። ሐይቅም ኮምቦልቻም ሲሞቅ የዋለ ሰው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ደሴ ሲደርስ ቅዝቃዜው ይቀበለዋል። ጋቢውና የሕፃኑ ሹራብ ግን ከአገልግሉ፣ ከረከቦቱና ከወንበሩ ሥር ነው ያሉት። ሲጫን መጨረሻ ይግቡ።