ቱርቦ ያለው መኪና ነዳጅ ሲበላ፦ ችግርና መፍትሄ

«ቱርቦ ይቆጥባል ተብዬ ገዛሁ፣ ይኸው ናፍጣ ይጠጣብኛል» የሚል ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ አይጠፋም። ቱርቦ ይቆጥባል። የሚቆጥበው ግን በሚባክነው ጭስ እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር ስለሚያጭቅለት፣ ትንሹም ሞተር የትልቁን ሥራ ስለሚሠራ ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ያልፋል፤ የአየሩ ግፊትም ባህር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ጣርማ በር ዳገት ላይ የሚያለከልከው ለዚህ ነው።

ዲፕራተሩን (የአየር ማጣሪያውን) እና የጎማውን ንፋስ አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ፣ ጉልበት ማጣት፣ ነዳጅ መብላት

ምክንያት፦ አብዛኛውን ጊዜ ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው) ወይም ከዚያ ወደ ሞተር የሚሄደው ማኒኮቶ፣ ማለትም የላስቲክ ቱቦ፣ ተቀዷል። አየሩ በቀዳዳው ያመልጣል፣ ናፍጣው ግን ይገባል፤ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሹፌሩ ደግሞ ጉልበት ሲያጣ ነዳጅ ይረግጣል።

ቀዳዳው ተንኮለኛ ነው። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ይገጥማል፣ ጭነት ሲመጣ ይከፈታል። ብዙ ጊዜም ከሥር፣ ዓይን በማያየው በኩል ነው። ዘይት ጠጥቶ አቧራ የያዘ ቦታ ካያችሁ እዚያ ፈልጉ። ማኒኮቶውን አውልቁና እጠፉት፤ ስንጥቁ አፉን ይከፍታል።

ከሸዋ ሮቢት ጭኖ የሚወጣ አንድ መኪና ኖዝል (ናፍጣ የሚረጨው) ተቀይሮለት፣ የናፍጣ ፖምፓው ተስተካክሎለት ጭሱ አልቆመም። ማኒኮቶውን ስንፈታ የድሮ ጎማ ላስቲክ ተጠቅልሎበት በሽቦ ታስሯል! ባለቤቱ «ለጊዜው ነው» አለን። ጊዜው ግን ክረምቱን አልፏል።

መፍትሄ፦ ሙቀትና ግፊት የሚችል አዲስ ማኒኮቶ፣ ጠንካራ ፋሼታ (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ)። ገበያ ላይ ያለው ርካሹ ላስቲክ ዘይት ሲነካው እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ አትግዙት። ሽቦ አትሰሩበት። ማስቲሽ አትቀቡበት። ኖዝል ከመቀየራችሁ በፊት ይህን እዩ።

ሰማያዊ ጭስ፣ የዘይት መጉደል

የቱርቦው ዘንግ ልቅ ሆኗል፣ ወይም የዘይት መመለሻ ቱቦው ተደፍኗል። ቱቦውን አስቀድማችሁ አጽዱ፤ ወጪው ይቀንሳል። ጣርማ በርን ወጥታችሁ እንደቆማችሁ ሞተሩን ድርግም አታድርጉ፤ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ያርራል። አንድ ሁለት ደቂቃ ይንፈስበት።

ለቁጠባ ተብሎ ቱርቦ ያስገጠሙበት የቤንዚን ሞተር

ይህን አስፈቱት። ለቱርቦ ያልተሠራ ሞተር ፒስተኑን ይበላል።