በውስን ገንዘብ የመጀመሪያውን ኮርሳ ብስክሌት እንዴት መምረጥ ይቻላል?

የመጀመሪያውን ኮርሳ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በክብደቱ፣ በማርሹ ብዛትና በቀለሙ ላይ ነው። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ከተገዛ በኋላ ሊለወጥ የሚችለው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ የማይለወጠው ደግሞ የትኛው እንደሆነ ነው። ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ኮርቻና ፔዳል፣ ቸርኬም ሳይቀር፣ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር አንድ በአንድ ይተካሉ። የቴላዮው (ሌላው ሁሉ የሚገጠምበት የብስክሌቱ አካል) ልክ፣ ቴላዮው የሚያስገባው የጎማ ስፋትና የፍሬኑ ዓይነት ግን ብስክሌቱ እስካለ ድረስ የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ገንዘቡ በማይለወጡት ላይ ይዋል፤ በሚለወጡት ላይ ለጊዜው መቻል ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ያለዎትን ገንዘብ በሙሉ ለብስክሌቱ አይመድቡ። ሄልሜት፣ ጎማ መንፊያ፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ የፊትና የኋላ መብራት እንዲሁም ጠንካራ ቁልፍ የግድ ያስፈልጋሉ፤ ብዙ አዳዲስ ኮርሳዎችም ያለ ፔዳል እንደሚሸጡ ማወቅ ይገባል። በእኔ ግምት ከአምስት እጅ አንዱን ማስቀመጥ ተገቢ ነው። የሚገዛው ያገለገለ ብስክሌት ከሆነ ደግሞ ጎማ፣ ሰንሰለትና የፍሬን ሸራ መቀየሩ ስለማይቀር፣ ከአራት እጅ አንዱ ቢቀመጥ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ልክን ማወቅ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ግድግዳ ተደግፈው ያለ ጫማ ይቁሙ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችዎ መካከል አስገብተው ኮርቻ ላይ እንደተቀመጡ ያህል ወደ ላይ ይጫኑትና ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ርቀት ያስለኩ። ይህ ቁጥር በ0.883 ሲባዛ፣ ፔዳሉ ከሚዞርበት ማዕከል አንሥቶ እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባውን ርቀት በግምት ይሰጣል፤ ልኬቱ 80 ሴንቲሜትር ቢሆን ውጤቱ 70.6 ሴንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። ፔዳሉ ወደ ታች ወርዶ ተረከዝዎን ሲያሳርፉበት እግርዎ ቀጥ ካለ፣ በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲረግጡት ደግሞ ጉልበትዎ ጥቂት ከታጠፈ፣ ቁመቱ ከሚፈለገው ብዙም አልራቀም።

ይሁን እንጂ የኮርቻው ቁመት የቴላዮውን ልክ አይነግርም፤ ኮርቻውን የተሸከመውን ዘንግ በማውጣትና በማስገባት ብቻ ይስተካከላልና። ቴላዮው ልክ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ወደ ፊት ያለው ርቀት ነው። በቴላዮ ላይ የሚጻፉት 52፣ 54፣ 56 የመሳሰሉ ቁጥሮችም ቢሆኑ አያስተማምኑም፤ አንዱ አምራች የኮርቻ ቱቦውን እስከ ጫፉ ይለካል፣ ሌላው እስከ ላይኛው ቱቦ መሃል ብቻ ይለካል፣ ስለዚህ የአንዱ 54 የሌላው 54 አይደለም። ከዚህ ይልቅ በአምራቹ የልክ ሰንጠረዥ ላይ ስታክና ሪች የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ። ስታክ ፔዳሉ ከሚዞርበት ማዕከል እስከ መሪው ቱቦ አናት ያለው ከፍታ ሲሆን፣ ሪች ደግሞ በእነዚሁ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አግድም ርቀት ነው። የሁለት ብስክሌቶችን ልክ በቅንነት ማወዳደር የሚቻለው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ለጀማሪ ስታኩ ከፍ፣ ሪቹ አጠር ያለ ቴላዮ ይመቻል፤ አምራቾች ለረጅም ጉዞ የተሠራ የሚሉት ዓይነትም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው።

ሻጮች የላይኛውን ቱቦ በእግርዎ መካከል አድርገው እንዲቆሙ ካደረጉ በኋላ ክፍተት ስላለ «ልክዎ ነው» ማለት ይወዳሉ። የላይኛው ቱቦ ወደ ኋላ በሚያዘቀዝቅበት በዛሬው ቴላዮ ይህ ፈተና የሚያሳየው እምብዛም ነው። ትክክለኛው ፈተና እጅዎን በፍሬን መያዣዎቹ አናት ላይ አሳርፈው ቢያንስ ሩብ ሰዓት መንዳት ነው። ክርንዎ ቀጥ ብሎ ከቀረ፣ መዳፍዎ ክብደት ከበዛበትና ጣቶችዎ ከደነዘዙ፣ ወይም ሳያስቡት ወደ ኮርቻው አፍንጫ ከተንሸራተቱ ቴላዮው ረዝሞብዎታል። ጉልበትዎ ወደ ክርንዎ ከቀረበና ጀርባዎ ከጎበጠ ደግሞ አጥሯል። ኮርቻውን ወደ ፊት በመግፋት የረዘመን ቴላዮ ለማሳጠር መሞከር አይገባም፤ የኮርቻው ቦታ የሚስተካከለው እግር ከፔዳል ጋር ባለው ግንኙነት ነውና፣ እጅን ለማሳረፍ ሲባል ጉልበት ይጎዳል። አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ልዩነት መሪውን የሚይዘውን አንገት በመቀየር ይታረማል። ለመመቸት ከ70 ሚሊሜትር ያነሰ አንገት ካስፈለገ ግን ብስክሌቱን ይተዉት።

በሁለት ልኮች መካከል ለሚዋልል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹን እመክራለሁ፤ ረዘም ያለ አንገትና ዘንግ በቀላሉ ይገኛልና። ነገር ግን ትንሹ ቴላዮ መሪውንም ዝቅ ያደርገዋል። በተለይ ያገለገለ ብስክሌት ሲሆን፣ የቀድሞው ባለቤት የፎርኬላውን (የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ) ግንድ አሳጥሮ ቆርጦት እንደሆነ ከመሪው አንገት በታች ያሉትን ቀለበቶች በማየት ይመርምሩ። ቀለበት ከሌለና አንገቱ በቀጥታ በቴላዮው ላይ ካረፈ፣ የተቆረጠን ግንድ መቀጠል ስለማይቻል መሪውን ከፍ ማድረጊያው መንገድ ጠባብ ነው።

ልኩ ከተገኘ በኋላ ቴላዮውና ፎርኬላው ምን ያህል ስፋት ያለው ጎማ እንደሚያስገቡ ይመልከቱ። የቆዩ የውድድር ኮርሳዎች ብዙዎቹ ከ25 ሚሊሜትር በላይ አያስገቡም፤ እኔ ከ28 ሚሊሜትር በታች የሆነውን ለመጀመሪያ ብስክሌት አልመርጥም፣ 32 የሚያስገባ ከተገኘም እሰየው ነው። ሰፋ ያለ ጎማ በውስጡ አነስተኛ ነፋስ ተሞልቶ ስለሚነዳ ሸካራ መንገድ ላይ እጅንም ወገብንም ያሳርፋል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውንም ያንብቡ፤ የዛሬው የኮርሳ ጎማ 622 የሚል ቁጥር ሲኖረው፣ 27 ኢንች የሚባለው የድሮው ዓይነት 630 ነው። ሁለቱ በዓይን ቢመሳሰሉም አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም፤ ለ630 ምትክ ጎማ ማግኘትም አስቸጋሪ ነው።

ስለ ፍሬን ክርክሩ ብዙ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ወይም ረጅም ቁልቁለት ባለበት መንገድ ለሚነዳ ሰው በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ዋጋው የሚገባው ነው። ገንዘቡ ለዚያ ካልደረሰ ግን፣ አንድ ሸራ ብቻ ከሚያንቀሳቅስ ርካሽ ባለ ሽቦ ዲስክ ይልቅ ሸራው ራሱን ቸርኬውን የሚጨብጥ ደኅና የቸርኬ ፍሬን ይሻላል፤ ማንም ሰው በአንድ መፍቻ ሊያስተካክለው ይችላል፣ በተመሳሳይ ዋጋም የተሻለ ቴላዮ ይገኝበታል። በቴላዮው ቁሳቁስ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ አሉሚኒየም ቴላዮ ከካርቦን ፎርኬላ ጋር ከሆነ በቂ ነው። ውስጡ የተሰነጠቀ ካርቦን ከውጭ ላይታይ ስለሚችል፣ ያገለገለ የካርቦን ቴላዮ ለጀማሪ ዓይን የሚሆን አይደለም።

ወደ ማርሽ ስንመጣ፣ ሺማኖ የተባለው አምራች ከሚሠራቸው የማርሽ ደረጃዎች ክላሪስ ከኋላ 8፣ ሶራ 9፣ ቲያግራ 10 ጥርሳ ጥርስ ያላቸው ሲሆኑ 105 የሚባለው ደግሞ እንደ ዘመኑ 10፣ 11 ወይም 12 አለው። ለዳገት ወሳኙ ግን ከብዛቱ ይልቅ የቀላሉ ማርሽ ልክ ነው። ከፊት 34፣ ከኋላም 34 ጥርስ ካለ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል፤ በድሮዎቹ የውድድር ብስክሌቶች 39 ከ25 ጋር ሲሆን ግን ጎማው ከአንድ ዙር ተኩል በላይ ስለሚዞር ዳገት ላይ ጉልበትን ይፈትናል። ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ እስከ 32 ወይም 34 ያለው ክላሪስ ለጀማሪ ጥሩ ምርጫ ነው።

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ምርመራውን ከኮርቻው ዘንግ ይጀምር። አንድ የማውቀው ሰው ቀለሙ ያማረ፣ ሰንሰለቱ የተወለወለ ባለ ብረት ቴላዮ ኮርሳ ገዝቶ ኮርቻውን ከፍ ሊያደርግ ቢሞክር፣ የአሉሚኒየም ዘንጉ ከብረቱ ጋር በዝገት ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ። ዘይት ቢያፈሱበት፣ ቢያሞቁት፣ በጉጠት ቢይዙት አልሆነም፤ በመጨረሻ ዘንጉ ተቆርጦ ቁራጩ ከውስጥ በመጋዝ እየተሰነጠቀ ወጣ፤ ለሥራው የተከፈለውም ከብስክሌቱ ዋጋ ብዙ የሚያንስ አልነበረም። ስለዚህ ብሎኑን በባለቤቱ ፊት አላልተው ዘንጉ መውረድና መውጣቱን፣ የመሪው አንገትም መላቀቁን ያረጋግጡ። «ግዴለም፣ ይሠራል» ከተባሉና መሞከር ከተከለከሉ አይግዙት።

ከዚያም የታችኛው ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሥር ጣትዎን ያሳልፉ፤ ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም ያበጠ ከሆነ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል። የፊት ፍሬኑን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፉት ከመሪው ሥር ካንኳኳ፣ ወይም የፔዳሉን ክንድ ወደ ጎን ሲገፉት ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። ቸርኬውን አሽከርክረው ከፍሬን ሸራው ጋር ያለው ክፍተት መስፋት መጥበቡን፣ ሸራው የሚነካው የቸርኬ ገጽም ወደ ውስጥ መጎድጎዱን ይዩ። ሰንሰለቱን በማስመሪያ ይለኩ፤ 24 መጋጠሚያ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊሜትር ነው። ወደ 307 ከተጠጋ ሰንሰለቱ መቀየር አለበት፣ 308 ካለፈ የኋላው ጥርሳ ጥርስም አብሮ ሳይበላ አይቀርም። የኋላው ጥርሳ ጥርስ ብዛት 11 ወይም 12 ከሆነ ግን ከ306 ትንሽ ሲያልፍ ይቀየራል። የእነዚህን ሁሉ ወጪ ደምረው ከተጠየቀው ዋጋ ላይ ይቀንሱ፤ ሻጩ ካልተስማማ ሌላ ይፈልጉ።

ብዙውን ጊዜ ከፔዳሉ ማዕከል ሥር የሚታተመው መለያ ቁጥር የተፋቀ ከሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙት። አዲስ ከገዙ ደግሞ የማርሽና የፍሬን ሽቦዎች ከሽፋናቸው ጋር ቦታቸውን እስኪይዙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚላሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁና በደረሰኙ ላይ ያስጽፉት።