የእማዬ ምጣድ እና የተውኩት ምርመራ

የእማዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ድንገት አልግልም አለ። ሶኬቱን ነቅዬ ገለበጥኩት። በሸክላው ቦይ ውስጥ ያለው ሬዚስታንስ፣ ማለትም የሚግለው ጥቅል ሽቦ፣ አንድ ቦታ ተበጥሷል። ጫፍና ጫፉን ጠምዝዤ ቀጠልኩት፤ ሠራ። በሳምንቱ እዚያው መጋጠሚያው ላይ ተቃጠለ። የተጠመዘዘ ሽቦ በደንብ ስለማይነካካ መጋጠሚያው ከሌላው በላይ ይግላል፤ ይህ ገብቶኛል። ግን መጀመሪያውኑ ለምን ተበጠሰ? እርጥበት ይሆን? የመብራት መዋዠቅ? ሦስት ማታ ቴስተር ይዤ አመሸሁ።

ሊጡ እየኮመጠጠ ስለሆነ እማዬ ጎረቤት ሄዳ ጋገረች። ሌማቱን ተሸክማ ስትመለስ አንጀቴን በላችው። «ልጄ፣ ምክንያቱ ይቅርብኝ፤ እንጀራው ይጋገርልኝ» አለችኝ። እዚያ ላይ ምርመራውን ተውኩት።

በማግስቱ እዚሁ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሄጄ፣ የድሮውን ቁራጭ አሳይቼ፣ ተመሳሳይ አቅም ያለው ሙሉ ሬዚስታንስ ገዛሁ። አሮጌውን ጠራርጌ አወጣሁ። አዲሱን ከዳር እስከ ዳር እኩል አድርጌ ሳብኩት። ጥቅልሉ አንድ ቦታ ከተጨናነቀ እንጀራው እዚያ ያርራል፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

የድሮው ለምን እንደተበጠሰ አሁንም አላወቅኩም። ቁራጩን ጥዬዋለሁ። ትናንት እማዬ 18 እንጀራ አወጣች፤ ዓይኑ እኩል ነው።