የድሮ ቮልስ ያላችሁ፣ ቤንዚን እንዳይበላባችሁ

ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ቮልስ የምትነዱ፣ ሞተር ስለመቀየር ከማሰባችሁ በፊት ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍቱና እዩት። የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጫፉ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን እየባከነ ነው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ይህን የት ያውቃል፣ ቤንዚኑን ለዝቅተኛ ቦታ በተለካው መጠን ያፈሰዋል። ስለዚህ ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ደረጃ ጠበብ ባለ አስቀይሩ። ቀላል ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

ቀጥሎ ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታ የሚያስነሳውን) በኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ተኩት። ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ክዳን ስር የሚገባ ትንሽ ነገር ስለሆነ የመኪናውን መልክ አይነካም። ፑንቲና እየተበላ ሲሄድ ታይሚንጉ፣ ማለትም ብልጭታው የሚነሳበት ጊዜ፣ ይዛባል፣ ይሄ ግን አይበላም። ስትገዙ መኪናችሁ 6 ቮልት ይሁን 12 አረጋግጡ፣ የጥንቶቹ 6 ናቸው።

ጄቱን ከልክ በላይ እንዳታጠቡት ብቻ! ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ቤንዚን ካነሰው ሞተሩ ይግላል። ካንዴላው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሲሆን እዚያ ላይ አቁሙ። ወደ መተማ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ እዚያ መልሳችሁ እንድትገጥሙት የድሮውን ጄት ይዛችሁ ውረዱ።