ማንም የማያውቀውን የፓንክ ካሴት ለጓደኛ ማካፈል፦ ከቴፕ እስከ ቴሌግራም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከግድግዳዬ ወዲያ ያሉት እማማ አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኩተው "ልጄ፣ ቴፕህ ተበላሽቶ ነው እንዴ?" አሉኝ። አልተበላሸም። ዘፈኑ ሲቀዳ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ፓንክ ፈጣንና ጯሂ የጊታር ሙዚቃ ነው፤ በራስ ገንዘብ፣ በጥቂት ሰዓት ተቀድቶ ሲወጣ ደግሞ ሻካራ ነው፤ የሚወደውም ሰው ለዚያው ብሎ ነው የሚወደው። ይህን ካልተቀበላችሁ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ከንቱ ልፋት ነው።

ብዙዎቻችን ጋ እንዲህ ያለ ካሴት የሚደርሰው በዘመድ ሻንጣ ነው። የእኔዎቹን የላከልኝ ዋሽንግተን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ዋሽንግተን የሐበሻ ከተማ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ዲስኮርድ የተባለው የፓንክ አሳታሚ እዚያው በ1980 ተቋቋመ፤ ባድ ብሬንስ የተባለው ባንድም የተነሳው ከዚያው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከካርቶኑ ውስጥ ግማሹ በሱቅ የተገዛ ነው። ሌላው ግማሽ የማን እንደሆነ በእስክሪብቶ ብቻ የተጻፈበት፣ ቤት ውስጥና ኮንሰርት ላይ የተቀዳ ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለዚህኛው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ፦ አንድ ምረጡ

አንድ። ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ሞልቶ መስጠት ለሰው የቤት ሥራ መስጠት ነው። ማንም አይሰማውም።

ፓንክ ሰምቶ ለማያውቅ ሐበሻ እኔ የምሰጠው መግቢያ ጌታቸው መኩሪያ ነው። አዎ፣ ሳክስፎኒስቱ። ሽለላንና ቀረርቶን በሳክስ ያስፎከረው ሰው ዕድሜው 70ን ካለፈ በኋላ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንኮች ጋር አልበም ሠርቷል። ባንዱ የተመሠረተው በ1979 ነው፤ "ሞአ አንበሳ" የተባለው የጋራ አልበማቸው የወጣው በ2006። ፉከራ እየሰማ ያደገ ጆሮ ያን ጊታር ሲሰማ ብዙም አይደነግጥም። "ይሄማ የኛው ነው" ይላችኋል። ከዚያ በኋላ ወደፈለጋችሁት ትወስዱታላችሁ።

ሬጌ ለሚወድ ጓደኛ ባድ ብሬንስ። ራስታዎች ናቸው፤ እጅግ ፈጣን ፓንክና ሬጌ እያፈራረቁ ይጫወታሉ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1982 ሲወጣ ሮር የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ ያወጣው በካሴት ብቻ ነበር። ሽፋኑ ላይ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ይታያል፤ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ለሐበሻ ሽፋኑን ማሳየት ብቻ ግማሽ ሥራ ነው።

ታሪክ ለሚወድ ደግሞ ናሽናል ዌክ አለ። በአፓርታይድ ዘመን ጆሃንስበርግ ውስጥ ጥቁሮችና ነጮች አብረው የመሠረቱት ባንድ ነው፤ በ1981 አንድ አልበም አውጥተዋል። ዴዝም አለ፤ ሦስት ጥቁር ወንድማማቾች ከዲትሮይት። በ1970ዎቹ አጋማሽ የቀዱት ሙዚቃ በአልበም መልክ ለሰው የደረሰው በ2009 ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከላይ የጠራኋቸው ሁሉ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ። የሚሸጥ ነገር ካለ ሊንኩን ላኩ፤ ካሴት መገልበጥ አያስፈልግም። የእኛ ሀገር ዘፋኞች በካሴት ገልባጭ ስንት ዓመት ሲያለቅሱ እንደኖሩ እናውቃለን። የሌላውን ሀገር ልጅ በዚያው መንገድ ማስለቀስ ነውር ነው። የዶላር ካርድ ከሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ለምኑ። ወደ ቴፕ የምንሄደው የትም የማይገኘውን ይዘን ነው። ባለቤቱን ማግኘት ከተቻለም መጠየቅ ነው። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ አሁን የልጅ አባት ናቸው፤ ካሴታቸውን አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰማው ሰው አለ ሲባሉ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቆጡም።

ቴፕና ጽዳት

በዩኤስቢ ካሴት እገለብጣለሁ የሚለውን ርካሽ አዲስ ዕቃ አትግዙ። ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ ድምፁም የቆርቆሮ ነው። ቤት ያለው የድሮ ቴፕ ይሻላል። ጎማው ላልቶ ከሆነ መርካቶ ያሉ የቴፕ ጠጋኞች ይቀይሩላችኋል።

ሄዱንና (ሪባኑን የሚያነበውን ብረት) ከጎኑ ያለችውን ጎማ በጥጥና በአልኮል ጥረጉ። ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ። አልኮሉ እስኪደርቅ ካሴት አታስገቡ።

ካሴቱ አናት ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች እዩ። ካልተሰበሩ አሁኑኑ ስበሯቸው። ያለዚያ አንድ ቀን ሰው በስህተት ቀይዋን ቁልፍ ይጫንና ብቸኛው ቅጂ ላይ የሰፈሩን ውሻ ጩኸት ይቀዳበታል።

ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት ከሆነ ከመቅዳታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ወስዳችሁ መልሱት። ባለ 120 ደቂቃ ካሴት ግን ሪባኑ ቀጭን ስለሆነ በፍጥነት ማጠንጠኛው ሊበጣጥሰው ይችላል። እሱን በቢክ እስክሪብቶ፣ በትዕግሥት።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሴቱ የተቀዳው በሌላ ሰው ቴፕ ነው። የዚያ ቴፕ ሄድና የእናንተው ሄድ አቀማመጥ ትንሽ ሊለያይ ይችላል፤ ያኔ ሲምባሉ (ከከበሮው ጋር ያለው የነሐስ ሳህን) ታፍኖ ይሰማል። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያላት ብሎን አለች። መጀመሪያ የቆመችበትን በቀለም ምልክት አድርጉ። ከዚያ ካሴቱ እየተጫወተ በትንሽ ካቻቢቴ ለስለስ አድርጋችሁ አዙሯት። ሲምባሉ ጥርት ያለበት ቦታ ላይ አቁሙ። ብዙ ሰው "ካሴቱ አርጅቷል" ብሎ የሚጥለው ይህችን ብሎን ሳይነካ ነው።

ድምፁን መለካት

አሁን ዋናው ጣጣ መጣ። የሌላ ሙዚቃ ካሴት ስትገለብጡ ድምፁ ከተሰባበረ ወዲያው ታውቁታላችሁ። ፓንክ ግን ከመነሻው የተሰባበረ ነው። የባንዱ ስብርባሪ የትኛው ነው? እናንተ የጨመራችሁትስ? እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው።

ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፕ ኦክስ ኬብል ትሰካላችሁ። ላፕቶፑ ድምፅ የሚቀበልበት ቀዳዳ ካለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለማይክ ነው። ማይክ የሚልከው ደካማ ድምፅ ስለሆነ ላፕቶፑ አጉልቶ ነው የሚቀበለው። ቴፑ በጉልበት ሲልክበት ያንቀዋል። ስለዚህ የቴፑን ድምፅ ወደ ሲሶ አውርዱ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ወደ ድምፅ ቅንብሩ ገብታችሁ የማይክ ማጉያውን ዜሮ አድርጉት። እዚያው አካባቢ ድምፅ ለማሳመር የተቀመጡ አማራጮች አሉ፤ ሁሉንም አጥፉ። እነዚህ የተሠሩት ለስልክ ወሬ ነው። የሰው ንግግር ይለዩና ሌላውን እንደ ጫጫታ ቆጥረው ይቀንሱታል። የፓንክ ጊታር ለእነሱ ንጹሕ ጫጫታ ነው። ዘፋኙ ብቻውን ሲጮህ፣ ጊታሩ ሲመጣና ሲጠፋ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ኦዳሲቲ የተባለውን የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ክፈቱ። ነፃ ነው፤ ለዚህ ሥራ ሌላ አያስፈልግም። ካሴቱ ላይ በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልጉ። መግቢያው አያስተማምንም፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አዝማች ነው። እሱን እያጫወታችሁ የመለኪያው ጫፍ ከኔጌቲቭ 6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አስተካክሉ። ዝቅ ቢል ግድ የለም፤ በኋላ ከፍ ይደረጋል። ዜሮን ነክቶ ያለፈ ግን አይመለስም።

ከዚያ አንድ ደቂቃ ቅዱና የሞገዱን ሥዕል አጉልታችሁ እዩ። ጫፎቹ ሁሉ ከላይና ከታች ጣሪያው ላይ ተቆርጠው ጠፍጣፋ ከሆኑ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ድምፁ ሻካራ ሆኖ ሞገዱ ግን ከጣሪያው በታች ከሆነ፣ ሻካራነቱ አብዛኛውን ጊዜ ካሴቱ ላይ የነበረ ነው። እሱን አትንኩት። በጆሮም ይለያል። የባንዱ ሻካራነት ጊታሩ ላይ ወይም ድምፁ ላይ ተጣብቆ አብሮ ይሄዳል። የእናንተው ግን ከበሮው በተመታ ቁጥር ሁሉንም አንድ ላይ ያንጫጫዋል።

ሌላው የማይክ ቀዳዳ ችግር ሞኖ መሆኑ ነው፤ ከግራና ከቀኝ አንዱን ብቻ ሊወስድ ይችላል። ካሴቱ ራሱ ሞኖ ከሆነ አትጎዱም። በባለ አራት ትራክ መቅጃ (አራት ድምፅ ለየብቻ በሚቀዳ ማሽን) የተቀዱ ሥራዎች ላይ ግን አንዱ ጊታር በግራ፣ ሌላው በቀኝ ብቻ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ያኔ አንድ ጊታሪስት ሙሉ በሙሉ ቀራችሁ ማለት ነው። በማዳመጫ አንዱን ጆሮ እየዘጋችሁ ካሴቱን ከቅጂው ጋር አነጻጽሩ። ካልገጠመ ስቴሪዮ የሚቀበል የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ፈልጉ። ስትገዙ "ስቴሪዮ ይቀዳል?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ደግሞ ሻጩን ሳታምኑ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት።

ከስር "እምምም" የሚል ድምፅ ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ዘጠኝ ጊዜ ከአስሩ ጥፋተኛው እሱ ነው። ቴፑም በድንጋይ የሚሠራ ከሆነ መብራት ቢሄድም ባይሄድም ሥራችሁ አይቋረጥም። እኛ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድንጋዩ ግን አዲስ ይሁን። ሲደክም ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ዘፋኙም በአንዴ ጎልማሳ ይሆናል።

"ኬብል ከምፈልግ ስልኬን ቴፑ ፊት ላስቀምጥ" የምትሉ ካላችሁ ተዉት። የላይ ቤት ቡና ሲወቀጥ አብሮ ይቀዳል።

አታጽዱት

አንዱን ጎን ሳታቋርጡ ሙሉውን ቅዱ፤ ዋቭ በሚባለው፣ ድምፁን በማይጨምቀው የፋይል ዓይነት አስቀምጡት። በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፣ ስለዚህ የግማሽ ሰዓት ጎን ወደ 300 ሜጋባይት ነው። ይህ እናት ፋይላችሁ ነው፤ አይነካም። ቦታ ከጠበባችሁ ፍላክ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ቀይሩት፤ ጥራቱ ሳይቀንስ መጠኑ በግምት በግማሽ ይወርዳል።

ኦዳሲቲ ውስጥ ጫጫታ መቀነሻ አለ። እጃችሁን ይበላችኋል፣ አውቃለሁ። አንድ ጓደኛዬ ካሴቱን ከተማ ወስዶ ለአንድ ሱቅ ሰጠ፤ "አጽድተንልሃል" ብለው መለሱለት። ባንዱ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። ሲምባል የለም፣ የክፍሉ አየር የለም፣ ሁሉም ለስልሷል። ደግነቱ ካሴቱ አልጠፋም።

በዘፈኖቹ መካከል ያለውን ወሬም አትቁረጡ። ከበሮ መቺው ዱላውን አጋጭቶ ሲቆጥር፣ አንዱ ጊታሩን ሲቃኝ፣ ከኋላ ሰው ሲስቅ፣ ይህ ሁሉ የሙዚቃው አካል ነው። በዝኮክስ የሚባሉ የማንቸስተር ልጆች በ1976 መጨረሻ በአንድ ቀን አራት ዘፈን ቀድተው፣ በተበደሩት 500 ፓውንድ በራሳቸው አሳተሙ። ያን የሰሙ ብዙዎች "እኛስ?" ብለው ተነሱ። ሥራው ተወልውሎ ቢወጣ ኖሮ ማን ይደፍር ነበር?

ስም፣ መልእክት፣ መላክ

ለመላክ ኤምፒ3 በ320 ኪሎቢት ይበቃል። የሁለት ደቂቃ ዘፈን 5 ሜጋባይት አይሞላም። ፋይሉን "ትራክ 01" ብላችሁ እንዳትተዉት፤ ባንድ፣ ዘፈን፣ ከተማ፣ ዓመት። ያላወቃችሁትን ክፍት ተዉት፣ በግምት አትሙሉ። ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውንም ፎቶ አንሥታችሁ አያይዙ። እኔ ጋ ካሉት አንዱ ላይ የባንዱ ስም ሁለት ጊዜ ተሰርዞ በሦስተኛው ተጽፏል፤ ሲቀዱ ገና ስማቸው ላይ አልተስማሙም ነበር መሰለኝ።

ቴሌግራም ላይ በፋይል መልክ ላኩት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ አጠገብ አድርጎ በድምፅ መልእክት የሚልክ ሰው አለ፤ እባካችሁ። ጓደኛችሁ ፓኬጅ የሚቆጥብ ከሆነ ደግሞ ስትገናኙ በብሉቱዝ ወይም በዘንደር ስጡት። ትልልቅ ቻናል ላይ አትለጥፉት፤ ይህ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ነው።

ከፋይሉ ጋር ሁለት መስመር ጻፉ። እንዲህ ዓይነት፦ "ይሄ ዋሽንግተን፣ ሰው ቤት ምድር ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው። 1 ደቂቃ ከ40 ነው፣ መጨረሻው ላይ የጊታሩ ክር ይበጠሳል፣ እነሱ ግን አያቆሙም። በማዳመጫ ስማው።" በቃ። የፓንክን ታሪክ አታስተምሩት። ለጆሮው አንድ የሚጠብቀው ነገር ስጡት፤ እስከ መጨረሻው ይሰማዋል።

ሰዓቱንም ምረጡ። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከዚያ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው ባስ ላይ ጊዜ አለው። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ይድረሰው። ቤት ጠርታችሁ በድምፅ ማጉያ ልታሰሙት ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ በመስኮት ወደ ግቢው ተመልከቱ። ድንኳን ተተክሎ ከሆነ ሌላ ቀን ይሁን።

ከላካችሁ በኋላ "ሰማኸው? ሰማኸው?" እያላችሁ አትጨቅጭቁ። ራሱ ካነሣው ሁለተኛውን ላኩ። "ጆሮዬን አደነቆርከኝ" ካላችሁ ደግሞ ኢንዲ ወደሚባለው፣ በራስ አቅም ወደሚሠራው ለስለስ ያለ የጊታር ሙዚቃ ውሰዱት። ከኒው ዚላንድ ዘ ክሊን ለዚህ ጥሩ ናቸው፤ መቅጃቸው ባለ አራት ትራክ፣ ዜማቸው ግን የሚያፏጩት ዓይነት።