አዲሱ ላፕቶፕ ከአሮጌው ዴስክቶፕ ሲንቀራፈፍ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ለዓመታት በርካሽ ዴስክቶፕ ሲሠራ የኖረ ሰው ላፕቶፕ ሲገዛ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ፍጥነት ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ቤቱ ሲገባ ግን አዲሱ ማሽን ከአሮጌው እኩል፣ አንዳንዴም ከእሱ ወደኋላ ሲቀር ያየዋል። ሻጩን ቢጠይቀው «ኮር አይ 5 ነው፣ ምንም አይልም» ይለዋል። ሰውየው ገንዘቡን የተበላ ይመስለዋል፤ ላፕቶፑን በኪሳራ ሸጦ ሌላ ፍለጋ የሚወጣም አለ። አብዛኛው ችግር ግን ያለ ምንም ወጪ ወይም በጥቂት ብር የሚፈታ ስለሆነ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ለማነጻጸር ሁለት ፕሮሰሰሮችን (የኮምፒውተር አንጎል የሚባሉትን) እንያዝ። አሮጌው እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ በ64 ዶላር ገደማ ለገበያ የቀረበው ኢንቴል ፔንቲየም ጂ4560 ነው፦ 2 ኮር (ሥራውን የሚሠሩት ክፍሎች)፣ 4 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዛቸው የሥራ መስመሮች)፣ 3.5 ጊጋኸርዝ (የፍጥነት መለኪያ)፣ 54 ዋት። አዲሱ በ2022 የወጣው ኮር አይ5-1235ዩ ነው፦ 2 ትልልቅና 8 ትንንሽ በድምሩ 10 ኮር፣ 12 ትሬድ፣ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ፣ መነሻው 15 ዋት። ጤነኛ 1235ዩ በጂ4560 መበለጥ የለበትም። ከተበለጠ ጥፋቱ ከፕሮሰሰሩ ውጭ ነው፤ ኤሌክትሪኩ፣ ሙቀቱ፣ ራሙ ወይም ዊንዶውሱ ጋ ፈልጉት።

«አዲሱ 1.3 ይላል፣ አሮጌው 3.5 ይላል»

ይህ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነው፤ ብልሽት ግን አይደለም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ስትነኩ ከታች «ቤዝ ስፒድ 1.30» ይነበባል። ይህ ቁጥር ፕሮሰሰሩ በ15 ዋት ብቻ ሲሠራ የተሰጠው ዝቅተኛ ዋስትና እንጂ የሚሮጥበት ፍጥነት አይደለም። ጂ4560 ቱርቦ የሚባል፣ ሥራ ሲበዛ ከቤዝ ስፒዱ በላይ የመሮጥ አቅም የለውም፤ ለእሱ 3.5 ቤዝ ስፒዱም ጣሪያውም ነው። ደግሞም በሁለት የተለያየ ትውልድ ያሉ ፕሮሰሰሮችን በጊጋኸርዝ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ በእኩል ጊጋኸርዝ የአዲሱ ትልቅ ኮር ከፔንቲየሙ ኮር በጣም የበለጠ ሥራ ይጨርሳል።

ማየት ያለባችሁ በትልቁ የተጻፈውን «ስፒድ» ነው። አንድ ከባድ ፋይል ክፈቱና ቁጥሩን ተከታተሉ። ወደ 4 ጠጋ ካለ ፕሮሰሰሩ ደህና ነው። ሥራ ላይ እያለ 1 አካባቢ ከቀረ ወደ ታች አንብቡ።

«ሲጀምር ይበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይደክማል»

ቪዲዮ ኤክስፖርት ስታደርጉ የመጀመሪያው ደቂቃ ፈጣን ነው፤ ከዚያ ፋኑ ይጮሃል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ዴስክቶፑ ግን በሦስተኛው ሰዓትም እንደ መጀመሪያው ደቂቃ ይሄዳል። የሁለቱ ፕሮሰሰሮች እውነተኛ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። 1235ዩ ለአጭር ጊዜ እስከ 55 ዋት መሳብ ይፈቀድለታል፤ ከዚያ አምራቹ ወደወሰነለት ዘላቂ ገደብ፣ ብዙ ጊዜ 15 ወይም ትንሽ ከፍ ወዳለ ዋት ይወርዳል። ያ ገደብ ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ስለሚለያይ፣ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች እኩል ላይሄዱ ይችላሉ። ፔንቲየሙ ሰፊ ኬዝ ውስጥ፣ ከራሱ የሚበልጥ ማቀዝቀዣ ተሸክሞ ስለሚሠራ ፍጥነቱን የሚያስቀንስ ነገር የለበትም።

መውረዱ ተፈጥሯዊ ነው፤ እንዴት እንደወረደ ግን መለየት ያስፈልጋል። ኤችደብልዩ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭናችሁ ሥራ ላይ እያለ ሙቀቱን እዩ። ፍጥነቱ ሲወርድ ሙቀቱ 95 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ችግሩ የማቀዝቀዣው ነው፤ የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ 70 አካባቢ ሆኖ ፍጥነቱ ከወረደ ደግሞ የያዘው የዋት ገደቡ ነው። ይህን ሳይለዩ ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ) ማስቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሙቀት ከሆነ በቀላሉ ጀምሩ። ላፕቶፑን ከአልጋና ከሶፋ ላይ አንሱት፤ አየር የሚስበው ከታች በኩል ስለሆነ ብርድ ልብስ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከኋላ በኩል በመጽሐፍ ከፍ አድርጉት። አንድ ሁለት ዓመት የሠራ ከሆነ ደግሞ አቧራውን አስጠርጉት። የአዲስ አበባ አቧራ በፋኑና በመዳቡ ክንፎች መካከል እንደ ጨርቅ ተነጥፎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከውጭ አይታይም፣ ፋኑ ሲነሳ ነው የሚወጣው። በብሎወር የምታጸዱ ከሆነ ፋኑን በቀጭን እንጨት ያዙት፤ በንፋሱ ያለ ልክ ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። ተርማል ፔስት መቀየር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የዋት ገደብ ከሆነ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ፓወር ውስጥ ገብታችሁ የፓወር ሞዱን «ቤስት ፐርፎርማንስ» አድርጉት። የአምራቹ የራሱ ፕሮግራም ካለም እዚያ ውስጥ ያለውን የፐርፎርማንስ ሞድ አብሩ። ከዚህ በላይ መግፋት አልመክርም። በ15 ዋት ላይም ቢሆን 10ሩ ኮሮች ሁሉንም ኮር በሚጠቀም ሥራ ከፔንቲየሙ ሁለት ኮሮች ይቀድማሉ።

«መብራት ሲጠፋ ይሞታል» ወይም «ቻርጅ ላይ ሆኖም ይጎተታል»

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ ባትሪ ለመቆጠብ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፓወር ሞዱን ባትሪ ላይ ሳላችሁም ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ዋጋው የባትሪ ሰዓት ነው።

ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ታስክ ማናጀር 0.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ላይ ተቸንክሮ ካያችሁ ግን ቻርጀሩን ጠርጥሩ። ላፕቶፑ የቻርጀሩን አቅም ካላወቀው ወይም አቅሙ ካነሰበት ፕሮሰሰሩን አንቆ ይይዘዋል። ፎርጅድ ቻርጀርና የስልክ ታይፕ-ሲ ቻርጀር ይህን ያመጣሉ፤ ባትሪው ሲሞላ ስለሚታይ ማንም ቻርጀሩን አይጠረጥርም። የቻርጀሩን ጀርባ ገልብጣችሁ «አውትፑት» የሚለውን አንብቡ። 19 ቮልትና 3.42 አምፒር ካለ ሁለቱን አባዙት፣ 65 ዋት ይሆናል። ከላፕቶፑ ሥር ከተጻፈው ጋር አስተያዩት፤ ካነሰ ቀይሩት። ቁጥሩ ትክክል ከሆነም ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ፣ ከዚያ አብሩት። ካልተለወጠ የሰው ኦርጅናል ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩ።

«ጌምና ዲዛይን ላይ ስታክ ያደርጋል»

ታስክ ማናጀር ላይ ጂፒዩ የሚለውን ንኩ። የ1235ዩ ግራፊክስ ስሙ አይሪስ ኤክስኢ ነው፤ በቦታው «ዩኤችዲ ግራፊክስ» ከተጻፈ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ራም ብቻ መሰካቱ ነው። ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው የሚኖረው በራሙ ላይ ነው፤ አይሪስ ተብሎ ለመሥራትም ሁለት ቻናል (ወደ ራሙ የሚወስድ ሁለት መስመር) ይፈልጋል። ሜሞሪ የሚለው ውስጥ «ስሎትስ ዩዝድ 1 ኦፍ 2» ካለ ሁለተኛ ራም ጨምሩ። ዲዲአር4 ይሁን ዲዲአር5 አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የዴስክቶፕ ራም ላፕቶፕ ውስጥ አይገባም።

«ሌላ መስኮት ስከፍት ኤክስፖርቱ ይቆማል»

አይቆምም፤ ወደ ትንንሾቹ ኮሮች ተዛውሮ ነው። ዊንዶውስ ዓይን የሌለበትን ሥራ ወደ እነሱ ሊገፋ ይችላል። ፕሮግራሙን ሚኒማይዝ አታድርጉት፣ ፓወር ሞዱን ከፍ አድርጉ። ዊንዶውስ 10 ከተጫነባችሁ ወደ 11 አሳድጉ፤ ትልቅና ትንሽ ኮር ላለው ፕሮሰሰር ሥራ ማከፋፈሉን የተሻለ የሚያውቀው 11 ነው።

«አዲስ ነው፣ ግን በሁሉም ነገር ይበለጣል»

እዚህ ላይ ስሙን በደንብ አንብቡ፤ ይህኛው መፍትሄ የለውም። ካርቶኑ አዲስ፣ ፕላስቲኩ ያልተላጠ ላፕቶፕ ውስጥ ሴሌሮን ኤን4020 ሊኖር ይችላል፦ 2 ኮር፣ 2 ትሬድ፣ ቢበዛ 2.8 ጊጋኸርዝ፣ 6 ዋት። ይህ ከጂ4560 በኋላ የወጣ ቢሆንም ጂ4560 በግልጽ ይበልጠዋል። ራም ቢጨመርለት፣ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ቢገባለት ፕሮሰሰሩ ያው ነው። ለተማሪ ልጃቸው ከዓመት ቁጠባ ላይ እንዲህ ያለውን የሚገዙ ወላጆች ያሳዝኑኛል፤ በዚያ ብር ያገለገለ ግን ጠንካራ ማሽን ይገኝ ነበር።

«ኮር አይ 5» ብቻ ሲሏችሁም ከኋላው ያለውን ቁጥር ጠይቁ። 1235ዩ ላይ 12 ትውልዱ ነው፣ ዩ ደግሞ ኃይል ቆጣቢ መሆኑን ይናገራል። ኤች ካለ ብዙ ዋት የሚፈቀድለትና ለከባድ ሥራ የሚሆን ነው። አይ5-3320ኤምም አይ 5 ይባላል፤ የ2012 ፕሮሰሰር ነው። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ታስክ ማናጀሩን አስከፍቱ፤ ሙሉ ስሙ ከላይ በቀኝ በኩል ይነበባል።

አሮጌው ላይ ያሉት ችግሮች

ፔንቲየሙን ለማቆየት ለወሰናችሁ፦ አንድ ፕሮግራም ምንም ሳይናገር አልከፈት ካለ ኤቪኤክስ የሚባለውን የትዕዛዝ ስብስብ ፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ ጂ4560 የለውም። ፕሮሰሰሩን ካልቀየራችሁ የፕሮግራሙን የቆየ ቨርዥን ከመፈለግ ሌላ መንገድ የለም። ዩቲዩብ የሚቆራረጥ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ኤቪ1 የተባለውን የቪዲዮ ዓይነት በሃርድዌር ስለማይፈታው ነው፤ በዩቲዩብ ሴቲንግ የፕሌይባክ ገጽ ላይ ኤቪ1ን ለዝቅተኛ ጥራት ብቻ አድርጉት። ሁሉም ነገር ቀርፋፋ ሆኖ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ከሆነ ሃርድ ዲስኩን በሳታ ኤስኤስዲ ቀይሩ፤ ለጽሑፍና ለሂሳብ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም።

ዊንዶውስ 11 ጂ4560ን አይደግፍም፤ የሚጀምረው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለዚህ ሲሉ የ8ኛ ትውልዱን አይ3-8100 ገዝተው በዚያው ማዘርቦርድ ላይ ለመቀየር የሚያስቡ አሉ። ሶኬቱ (የፕሮሰሰሩ መሰኪያ) 1151 ስለሚባልና ስለሚገባ ይሠራል ብላችሁ ብር እንዳታወጡ፤ 8100 ባለ 300 ሲሪዝ ቦርድ ስለሚፈልግ በአሮጌው ላይ አይነሳም። በዚያ ቦርድ ላይ የሚሠራው ከአይ3 እስከ አይ7-7700 ያለው 7ኛ ትውልድ ነው፤ ኤቪኤክስ ይኖረዋል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል፣ ዊንዶውስ 11 ግን እሱንም አይቀበለውም።